ድመቷ ትገባለች፣ ውሻው ይጠየቃል

በሴንት ፖል ወይም በሚኒያፖሊስ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ለሁለት ዓመት ሥራ ወደ አዲስ አበባ ለመዛወር ሲወስን የሚያሰናዳው ጉዳይ ብዙ ነው፤ የቤት ኪራይ ውል፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ የጡረታ ቁጠባ፣ የመኪና ሽያጭ። ቤቱ ውስጥ ውሻና ድመት ካሉ እነርሱ የሚታሰቡት ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። ቤተሰቡ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲመለስ ድመቷ የፌዴራል መንግሥቱ የክትባት ወረቀት ሳይጠይቃት፣ ጤነኛ እስከመሰለች ድረስ፣ ትገባለች። ውሻው ግን መግባት አለመግባቱ፣ ከገባም በየትኛው ከተማና በምን ያህል ወጪ እንደሚገባ፣ የሚወሰነው በአብዛኛው ሚኔሶታን ለቆ ከመውጣቱ በፊት በተፈረመ ወይም ሳይፈረም በቀረ አንድ ቅጽ ነው።

ለሁለት የቤት እንስሳት የተሰጠው ይህ የተለያየ አያያዝ ለብዙዎች የቢሮክራሲ ግትርነት ይመስላቸዋል። አይደለም። ከጀርባው አገሮች ስለ ራሳቸው የሚሰጡት ምስክርነት ምን ያህል እንደሚታመን የሚያሳይ የዋጋ ሥርዓት አለ፤ ዋጋውን የሚከፍለውም የውሻው ባለቤት ብቻ አይደለም።

እ.ኤ.አ. ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) ደንብ ወደ አገሪቱ የሚገባ ማንኛውም ውሻ ቢያንስ ስድስት ወር የሞላው፣ ማይክሮቺፕ የተቀበረለት፣ ጤነኛ መስሎ የሚታይና የመግቢያ ቅጽ የተሞላለት እንዲሆን ያዛል። ይህ ለሁሉም እኩል ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ውሻው ባለፉት ስድስት ወራት የቆየበት አገር ለእብድ ውሻ በሽታ ከፍተኛ ስጋት ካለባቸው ተርታ ሲመደብ ነው። ኢትዮጵያ ከአብዛኞቹ የአፍሪካ አገሮች ጋር በዚሁ መዝገብ ላይ ትገኛለች።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ውሻው የተከተበው አሜሪካ ውስጥ ከሆነ፣ በፌዴራሉ የግብርና መሥሪያ ቤት ዕውቅና ያለው የእንስሳት ሐኪም ልዩ የክትባት ማረጋገጫ ቅጽ ይሞላለታል፤ የመሥሪያ ቤቱ ሹም ሐኪም ደግሞ ያጸድቀዋል። ይህ ሁሉ ውሻው ከአገር ከመውጣቱ በፊት መፈጸም አለበት። ክትባቱ እስካላለፈበት ድረስ ቅጹ ዋጋ አለው፤ ውሻውም በማናቸውም አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሚኒያፖሊስን ጨምሮ፣ ሊመለስ ይችላል። ውሻው የተከተበው ከአሜሪካ ውጭ ከሆነ ግን በላኪው አገር መንግሥት ሐኪም የጸደቀ ሌላ ቅጽ ያስፈልገዋል፤ ሲዲሲ ባጸደቀው ላቦራቶሪ የተሠራ የአንቲቦዲ መጠን ምርመራም ይፈለግበታል፤ ሲደርስም በተመዘገበ የእንስሳት ማቆያ ተመርምሮ እንደገና ይከተባል። የደም ምርመራው ከሌለ በዚያው ማቆያ 28 ቀን በባለቤቱ ወጪ ይቀመጣል። ደንቡ ሲጀመር እንዲህ ያለ ማቆያ የነበረው በስድስት አውሮፕላን ማረፊያዎች ብቻ ነው፤ አትላንታ፣ ሎስ አንጀለስ፣ ማያሚ፣ ኒው ዮርክ፣ ፊላዴልፊያና ዋሽንግተን ደለስ።

ሚኒያፖሊስ እዚህ ዝርዝር ውስጥ የለችም፤ ለሚኔሶታ ነዋሪ ቅርብ የሆነችውና የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚበርባት ቺካጎም የለችም። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የተከተበ ውሻ ይዞ የሚመለስ ሰው ደለስ ወይም አትላንታ መውረድ፣ ማቆያውን አስቀድሞ መያዝ፣ ከዚያም ውሻውን ለብቻው ወደ ሚኔሶታ የሚያደርስበት ሌላ መላ መፈለግ ይኖርበታል። በአንደኛው መንገድና በሁለተኛው መካከል ያለው ልዩነት በብዙ መቶ፣ ኳራንቲን ከተጨመረበት ደግሞ በሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይለካል። የውሻው ደም ግን በሁለቱም መንገድ አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል።

ደንቡን ከመንቀፍ በፊት ለምን እንደወጣ መረዳት ተገቢ ነው። አሜሪካ በውሻ የሚዛመተውን የእብድ ውሻ ቫይረስ ዝርያ ማጥፋቷ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። የሌሊት ወፍ፣ ራኩንና ስካንክ የሚሸከሟቸው ዝርያዎች አሉ፤ ከውሻ ወደ ውሻ የሚዘዋወረው ግን የለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ሲዲሲ ከፍተኛ ስጋት ካለባቸው አገሮች ከመጡ ውሾች መካከል ከ450 በላይ በሚሆኑት ላይ ያልተሟላ፣ በቂ ያልሆነ ወይም የተጭበረበረ የክትባት ወረቀት አገኘ፤ ካለፉት ሁለት ዓመታት ጋር ሲነጻጸር የ52 በመቶ ጭማሪ ነበር። በጁን 2021 ከአዘርባጃን ከመጡ ውሾች አንዱ አሜሪካ ከደረሰ በኋላ በበሽታው መያዙ ታወቀ። በቀጣዩ ወር ማዕከሉ ከእነዚህ አገሮች ውሻ ማስገባትን በጊዜያዊነት አገደ። በበሽታው የተያዘ አንድ ውሻ ሲገባ የተነካኩትን ሰዎች ፈልጎ ማግኘት፣ መከተብና ሌሎች እንስሳትን መከታተል ከ215,000 እስከ ግማሽ ሚሊዮን ዶላርና ከዚያም በላይ እንደሚያስወጣ ማዕከሉ ገምቷል። ወጪው በአስመጪው ሳይሆን በክፍለ ግዛቶችና በከተሞች ጤና ቢሮዎች ትከሻ ላይ ይወድቃል።

በዚህ ሂሳብ ሲታይ ደንቡ ምክንያታዊ ነው። አንድ ሰው የሚያስገባው ውሻ በሌሎች ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ካልከፈለ፣ ጥንቃቄውን አስቀድሞ እንዲከፍል ማድረግ የኢኮኖሚክስ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ነው። ድመቷ የምታልፍበትም ምክንያት ከዚሁ ይመነጫል። ድመት በበሽታው ልትያዝና ሰው ልትነክስ ትችላለች፤ ነገር ግን በሽታውን በትውልድ ቅብብሎሽ የሚያቆየው ማኅበረሰብ የውሻው እንጂ የድመቷ አይደለም። ደንቡ የሚፈራው የአንድን እንስሳ ንክሻ ብቻ ሳይሆን የጠፋው የቫይረስ ዝርያ ተመልሶ ሥር መስደዱን ነው። (ክፍለ ግዛቶችና አየር መንገዶች ከድመቷም የጤና ወረቀትና ክትባት ሊጠይቁ እንደሚችሉ መዘንጋት አይገባም፤ ነፃ ናት ማለት አይደለም።)

ጥያቄው የሚነሳው መለኪያው ላይ ነው። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪናዎች ገበያ ባሳተመው ጽሑፍ፣ ገዢ መልካሙን ከመጥፎው መለየት ሲያቅተው ለሁሉም ዝቅ ያለ ዋጋ እንደሚሰጥና ሐቀኛው ሻጭ ከገበያ እንደሚወጣ አሳይቷል። የክትባት ወረቀትም እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ክትባቱን በቅዝቃዜ ሰንሰለት ጠብቆ፣ የማይክሮቺፑን ቁጥር አመሳክሮ፣ ቀኑን በትክክል ጽፎ የሚፈርም ሐኪም አለ። የእርሱ ፊርማ ግን ዋሽንግተን ሲደርስ ሳያየው ከሚፈርመው ሰው ፊርማ ጋር በአንድ ዋጋ ይመነዘራል። ቅናሹ የተሰላው ለሐኪሙ ሳይሆን ለአገሩ ነው። የደም ምርመራው ይህን ለማስተካከል የተቀመጠ ይመስላል፤ ነገር ግን በቂ አንቲቦዲ ያለው ውሻ እንኳ ከማቆያው ምርመራና ከተጨማሪው ክትባት አይድንም። ማስረጃው ራሱ እየተናገረ ምስክሩ ያልታመነበት ሁኔታ ነው። ይህ የደንቡ ደካማ ጎን ነው፤ ሲዲሲ በሚቀጥለው ማሻሻያ ሊያርመው የሚገባውም ይህንኑ ነው።

እስከዚያው የሚሄድ ሰው የሚሠራበት ቅደም ተከተል አለ፤ ብዙዎች የሚሳሳቱትም ቅደም ተከተሉን ነው። ማይክሮቺፑ ከክትባቱ በፊት ወይም በዚያው ዕለት መግባት አለበት። ክትባቱ ቀድሞ ቺፑ ከተከተለ፣ ያ ክትባት ለመሻገሪያ አይቆጠርም። የውሻው የመጀመሪያ ክትባት አንድ ዓመት ብቻ ያገለግላል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ግን የሦስት ዓመት ሊሆን ስለሚችል፣ ለሁለት ዓመት የሚሄድ ቤተሰብ ከመነሳቱ በፊት የሦስት ዓመቱን ማስከተብ ትልቅ ቁጠባ ነው። አዲስ አበባ እያለ ክትባቱ ካለፈበትና እዚያው ከታደሰ፣ ውሻው በሕግ ዓይን ከውጭ የተከተበ ውሻ ይሆናል፤ ያ ሁሉ የደለስና የአትላንታ ጣጣ ይከተላል። የሄደበት ሥራ ሊራዘም እንደሚችል የጠረጠረ ደግሞ የደም ምርመራውን ከመነሳቱ በፊት ማሠራቱ አይከፋም። በአሜሪካ ለዚህ ከሚታወቁት ላቦራቶሪዎች አንዱ በካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ኢትዮጵያ በአውሮፓ ኅብረት መዝገብም ላይ ስላልተካተተች፣ ከአዲስ አበባ ወደ ፍራንክፈርት ወይም ወደ ስቶክሆልም የሚዛወር ሰው ውሻውንም ድመቱንም በአንድ ሚሊ ሊትር ቢያንስ 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት አንቲቦዲ ያሳየ ምርመራና የሦስት ወር መጠበቂያ ይጠየቅባቸዋል። ድመቷ አሜሪካ ላይ ያገኘችው ነፃነት አውሮፓ ላይ የለም።

ከዚህ ውጭ ያለው የጉዞ ጣጣ የታወቀ ነው፤ በግብርና መሥሪያ ቤቱ የሚጸድቅ የጤና የምስክር ወረቀት፣ ከኢትዮጵያ ግብርና ሚኒስቴር ጋር አስቀድሞ መነጋገር፣ የአየር መንገዱ የሳጥን ልክ። ለሚኔሶታ ብቻ የሚጨመር አንድ ነገር ቢኖር ብርዱ ነው። የፌዴራል የእንስሳት ማጓጓዣ ደንብ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ለሆነ ቅዝቃዜ የሚጋለጥ ውሻ ብርድ የለመደ መሆኑን ሐኪም እንዲመሰክር ይጠይቃል፤ በጥር ወር ሚኒያፖሊስ ደግሞ ይህን ልክ የምታልፍበት ቀን ብርቅ ነው። በክረምት ጭነት ክፍል ውስጥ ውሻ ለመላክ ያቀደ ሰው ፕሮግራሙን ወደ ሚያዝያ ቢገፋው ይሻለዋል።

ውሻው አዲስ አበባ ሲደርስ የሚገባበት ዓለም ግን ከቅጽ በላይ ነው። ሴንት ፖል ላይ ሶፋ ላይ ይተኛ የነበረው እንስሳ ዘመዶች ዘንድ የግቢ ጠባቂ ነው፤ ቦታውም በር ላይ ነው። አክስት ወይም አያት ቤት ውስጥ ሲያዩት የሚያሳዩት ግርምት ብዙ ቤተሰብ የሚያውቀው ትዕይንት ነው፤ ጸሎት የሚደረስበት ክፍል ሲሆን ደግሞ ግርምቱ ወደ ቅሬታ ይዞራል። ይህን በጨዋታ ማለፍ ይቻላል። በጨዋታ የማይታለፈው ከአጥሩ ውጭ ያለው ነው። ከሚኔሶታ የመጣው ውሻ ተከትቧል። ጎረቤት ያለው፣ ባለቤት አለው ሲባል ሌሊት የሚለቀቀው፣ ባለቤት የለውም ሲባል የሰፈሩ ሁሉ ፍርፋሪ የሚያበላው ውሻ ግን አልተከተበም። አሜሪካ ኢትዮጵያን በዚያ መዝገብ ያስቀመጠችው በዚህ ሁለተኛው ውሻ ምክንያት ነው።

በሽታው በኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጥናት በአገሪቱ የታየውን ወረርሽኝና ለበሽታው ይሰጥ የነበረውን የባህል ሕክምና መዝግበዋል። ዛሬም የተነከሰ ሰው ከጤና ጣቢያ በፊት የባህል መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ወይም ጸበል የሚሄድበት አካባቢ ብዙ ነው። መንግሥትም ለአሥርተ ዓመታት ለሰው ሲሰጥ የኖረው ከበግ አንጎል የሚዘጋጀውን፣ ለአሥራ አራት ቀናት በየዕለቱ ሆድ ላይ የሚወጋውን ክትባት ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንዲህ ያለው ክትባት እንዲቀር ሲመክር ከቆየ በኋላም። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ ለኢትዮጵያ በጥናቶች ተደጋግሞ የሚጠቀሰው ግምት 2,700 አካባቢ ነው። በሚጠረጠሩ እንስሳት ከሚነከሱት ሰዎች 40 በመቶ የሚሆኑት ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ2015 የኢትዮጵያ የጤና፣ የእንስሳትና የዱር እንስሳት ባለሙያዎች ከእንስሳት ወደ ሰው ከሚተላለፉ በሽታዎች ቅድሚያ የሚሰጣቸውን ለመለየት ሲሰበሰቡ አንደኛ ያደረጉት የእብድ ውሻ በሽታን ነው። ያን ስብሰባ የረዳው ራሱ ሲዲሲ ነበር። አንዱ ክፍል ስብሰባ ያግዛል፣ ሌላው ክፍል መዝገብ ያወጣል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። በመካከላቸው የጎደለው ክትባቱ ነው።

የበሽታው ስርጭት እንዲቋረጥ ከውሾቹ 70 በመቶ የሚሆኑት በየጊዜው መከተብ እንዳለባቸው ከታወቀ ቆይቷል። በከተሞች ለረጅም ጊዜ የተሞከረው ግን ሌላ ነው፤ ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በመርዝ ማጥፋት። ይህ ጭካኔ ብቻ ሳይሆን የከሸፈ ፖሊሲ ነው። የሞተው ውሻ ሲበላ የነበረው ቆሻሻ ባለበት ስለሚቆይ፣ ቦታውን ያልተከተበ ሌላ ውሻ ይይዘዋል፤ ከተከተቡትም አንዳንዶቹ አብረው ይገደላሉ። ሜክሲኮ የመረጠችው ሌላውን ነው። ከ1990 ጀምሮ በየዓመቱ ውሾቿን በነፃ በዘመቻ ስትከትብ ቆይታ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በውሻ የሚተላለፈውን የእብድ ውሻ ሞት ማስወገዷን የዓለም ጤና ድርጅት አረጋገጠላት፤ ከዓለም የመጀመሪያዋ። ከሜክሲኮ ውሻ ይዞ የሚመጣ ሰው ዛሬ የደም ምርመራም ማቆያም አይጠየቅም። መዝገቡ ዘላለማዊ አይደለም ማለት ነው።

ኢትዮጵያ ከሜክሲኮ የሚበልጥ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አላት። በባሌ ተራሮች የሚኖረው ቀይ ቀበሮ፣ በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡ አዋቂዎች ብቻ የቀሩት እንስሳ፣ ከእረኞች ውሾች በተጋባበት የእብድ ውሻ በሽታ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በ2003 እና በ2008 ክፉኛ ተመትቷል። በ2003 በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ከሦስት አራተኛ የሚበልጡት አልቀዋል። ከ2018 ጀምሮ ለቀበሮዎቹ በአፍ የሚወሰድ ክትባት እየተሰጠ ነው፤ ውሾቹ ካልተከተቡ ግን ውጊያው በምንጩ ሳይሆን በወንዙ መጨረሻ ላይ ነው።

በመንታ ከተሞቹ ያሉ ባለሙያዎች ለኮንግረስ አባሎቻቸው ደብዳቤ ሲጽፉ የሚቀናቸው ለተመላሾች ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ነው። የሚያዋጣው ግን እርሱ አይደለም። ልዩ ፈቃድ የጥቂት መቶ ቤተሰቦችን ወጪ ይቀንሳል፤ የኢትዮጵያ ፊርማ ዋጋ ግን ባለበት ይቀራል። የሚያዋጣው የፊርማውን ዋጋ መገንባት ነው። ሰበታ የሚገኘው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ በእንስሳት በሽታ ምርመራ የረጅም ጊዜ ልምድ አለው፤ ቢሾፍቱ ላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅና የአገሪቱ የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ጎን ለጎን ይገኛሉ። ከእነዚህ አንዱ የአንቲቦዲ ምርመራውን በዓለም አቀፍ ደረጃ ተቀባይነት ባለው ብቃት እንዲሠራ ማድረግ ከአንድ ሆስፒታል ግንባታ እጅግ ያነሰ ወጪ ይጠይቃል። የሚጠቅመውም ተጓዡን ብቻ አይደለም፤ የዘመቻ ክትባት በትክክል መሥራቱን የሚመዝነው ያው ምርመራ ነው። የክትባት መዝገቡ በማይክሮቺፕ ቁጥር ተደራጅቶ ሚኒስቴሩ ከማጽደቁ በፊት የሚያመሳክረው ቢሆን፣ ሐቀኛው ሐኪም ከሌላው የሚለይበት መንገድ ይገኛል።

የሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የሚገኘው እዚያው ሴንት ፖል ግቢ ነው። ዩኒቨርሲቲው ጅማና መቀሌ ዩኒቨርሲቲዎች አባል ከሆኑበት የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ የአንድ ጤና መረብ ጋር በዩኤስኤአይዲ ገንዘብ ለዓመታት ሠርቷል። ዩኤስኤአይዲ እ.ኤ.አ. በ2025 ፈርሷል፤ ትውውቁና ሙያው ግን አልፈረሰም። የዳያስፖራ ባለሙያ ገንዘብና ጊዜ የሚሞላው ክፍተት ካለ ይህ አንዱ ነው።

ድሃ አገር ልጆቿን ሳትመግብ ለውሻ ክትባት ለምን ታወጣለች የሚል ተቃውሞ መነሳቱ አይቀርም። ተቃውሞው ክትባቱ ለውሻ ጥቅም የሚሰጥ መስሎት ነው። የተነከሰ ልጅ ዘመናዊውን ክትባት ለመውሰድ ከገጠር ቀበሌ ወደ ከተማ ደጋግሞ መመላለስ አለበት፤ ለአባቱ የጠፋ የሥራ ቀን፣ ለእናቱ ብድር ነው። ክትባቱ ያልተገኘ ዕለት ደግሞ ዋጋው ሕይወት ነው። ለአንድ ልጅ ከንክሻ በኋላ የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ውሾችን ከንክሻ በፊት ይከትባል። ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ሌላው ተቃውሞ ነው፤ በጦርነትና በመፈናቀል መካከል 70 በመቶውን በየዓመቱ ማን ይደርስበታል የሚለው። ለዚህ አጥጋቢ መልስ የለም። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ፣ የተለያዩ ጤና ቢሮዎች ሊደርሱባቸው በሚችሉ ከተሞች መጀመር ይቻላል፤ በባሌ ለቀበሮዎቹ ሲባል የእረኞች ውሾች ሲከተቡ መቆየታቸው ሥራው ከከተማ ውጭም የማይሞከር እንዳልሆነ ያሳያል። አገሪቱን በሙሉ ከመዝገቡ ማውጣት ግን የብዙ ዓመታት ጉዳይ ነው።

እስከዚያ ድረስ በመጪው ሐምሌ ከሴንት ፖል የሚነሳ ቤተሰብ ዛሬ ማየት ያለበት የውሻውን የክትባት ወረቀት ነው። ክትባቱ የሚያልፍበት ቀን ከመመለሻው ቀን በፊት ከሆነ ማስከተቢያው አሁን ነው፤ ቅጹን የሚያጸድቀው ሹም የሚያስፈልገውን ጊዜ አስቦ፣ ሻንጣው ከመታሰሩ ሳምንታት በፊት።